ቁልቁል የሚሄደው መስመር

ፈርሂያ የከላላ ልጅ ናት። መካነ ሰላም፣ እኛ መሥሪያ ቤት የመጣችው በ2007 መስከረም ላይ ነው፤ የገበሬውን የመሬት ይዞታ መዝገብ ኮምፒውተር ውስጥ የሚያስገባ ሶፍትዌር እንድትሠራ። ኮንትራቷ እስከ ሰኔ ሠላሳ ነበር። ሶፍትዌሩን በጊዜው አስረክባ ግምገማውን ካለፈች ቋሚ ትሆናለች፤ አለዚያ ጅዳ ያለችው እህቷ ሺፋ ቪዛ አዘጋጅታ እየጠበቀቻት ነው። ፈርሂያ ደግሞ የጅዳን ስም መስማት አትፈልግም።

እኔ መዝገብ ቤት ነበርኩ፤ ጠረጴዛችን ጎን ለጎን ነው። ሥራውን ስድሳ ቦታ ከፋፍላ በትልቅ ወረቀት ላይ ከስድሳ የሚነሣ መስመር ጀመረችና ግድግዳው ላይ ለጠፈችው።

«ጋሼ ቢሻው፣ ይኼ የቀረኝ ሥራ ነው። አንዱን በጨረስኩ ቁጥር መስመሩ ይወርዳል። ዜሮ ሲነካ አልሐምዱሊላህ፣ አለቀ ማለት ነው» አለችኝ።

ኮምፒውተር ማብራት እንኳ ለማላውቀው ለእኔ ወዲያው ገባኝ። ለአለቃችን ለአቶ ያለው ግን አልገባቸውም። በዚያ ዘመን ግድግዳችን ላይ የተለጠፈው ሁሉ ሽቅብ የሚወጣ ነበር፤ ስንዴውም፣ ማዳበሪያውም፣ እርከኑም።

ጥር ላይ መስመሩ ሃያ ስምንት ደረሰ። አቶ ያለው አይተው ፊታቸውን አጠቆሩ። በሳምንቱ «የሞዴል አርሶ አደሮች ዝርዝር ይግባበት፣ የባልና ሚስት ፎቶ ይግባበት፣ የአንድ ለአምስቱም ሪፖርት ይውጣበት» እያሉ ሃያ አምስት አዲስ ሥራ ጫኑባት። መስመሩ ዘሎ ሽቅብ ወጣ። በወሩ ግምገማ ላይ «ዕድገት ማለት ይህ ነው!» ብለው አስጨበጨቡላት። በንዴት ከንፈሯን ነከሰች።

ዝም ብላ ግን አልተቀመጠችም። አዲስ የታዘዘችውን ሥራ ከዜሮው በታች ሣለችው።

«የእኔ ድካም ከላይ፣ የእርስዎ ጭማሪ ከታች ለየብቻ ይታይ። አለዚያ የዘገየሁት እኔ እመስላለሁ» አለቻቸው።

«መሥሪያ ቤቱን ከዜሮ በታች ልታወርጂው?» ብለው ጮኹባትና የወረቀቱን የታችኛውን ክፍል አስቀደዷት።

ከዚያ ወዲያ ቅዳሜም እሑድም አልነበራትም። መብራት በጠፋ ቁጥር ጠረጴዛውን በጡጫ ትመታለች። እሳቸው ይጨምራሉ፣ እሷ ትጨርሳለች። ሰኔ ሃያ ስድስት ቀን መስመሩ ዜሮ ነካ። ኮምፒውተሩ ላይ የገበሬ ስም ሲጻፍ ማሳው ከነድንበርተኛው ቁጭ ይላል!

በማግስቱ ግምገማ ተጠራ። አቶ ያለው ወረቀቱን በእስክሪብቶ እየጠቆሙ፣ «ስድሳ ላይ የጀመረች ባለሙያ ዛሬ ዜሮ ገብታለች። ኮንትራቷ እንዳይታደስ ሐሳብ አቀርባለሁ» አሉ።

«ዜሮ እኮ አለቀ ማለት ነው!» አለች ፈርሂያ።

«ሂስ ተቀበይ እንጂ አትከራከሪ። የሚቃወም አለ?»

ፈርሂያ ወደ እኔ ዞረች። የዚያን መስመር ትርጉም ከእሷ ሌላ የሚያውቅ እዚያ ክፍል ውስጥ እኔ ብቻ ነበርኩ። ጡረታዬ ሁለት ዓመት ቀርቶት ነበር። አቀርቅሬ ቃለ ጉባኤውን ጻፍኩ፤ «በሙሉ ድምፅ ጸድቋል» ብዬ።