ዘጠኝ ከአስር

ጠዋት ጠዋት ሾርባ ቤቴ ጥግ የምትቀመጥ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ አለች። እዚህ ኢንዶኔዥያ፣ ሰማራንግ ከተማ ውስጥ ኔትወርክ የማይቆራረጠው እኔ ጋ ብቻ ነው ትላለች። ስሟን ጠይቄያት አላውቅም። ከወገብ በላይ ነጭ ጋዋን፣ ከወገብ በታች ሳሮንግ የሚባል ሽርጥና ነጠላ ጫማ ናት። ትምህርቷን የምትከታተለው በኮምፒውተር፣ በቪዲዮ ሆኖ ሳለ የላቦራቶሪ መነጽር አድርጋ ነው የምትመጣው፤ የሚረጫት ነገር ቢኖር የኔው ሾርባ ነው።

ትምህርቱ ሲያልቅ አስተማሪዋ ተማሪዎቹን በየተራ ይጠይቃቸዋል፦ «ስሜታችሁ ከአስር ስንት ነው?»

«ዘጠኝ!» ትላለች ፈገግ ብላ። ኮምፒውተሩን ስትዘጋ ግንባሯ ጠረጴዛው ላይ ዘጭ ይላል።

«አንቺ፣ ይሄን ዘጠኝ ከየት ነው የምታመጪው?» አልኳት አንድ ቀን።

«አስር ካልኩ ጉራ ይሆናል እትዬ፤ ስምንት ካልኩ ሰው ይጨነቃል።»

እኛ አገር እንዲህ ነው፤ ጣሪያው እየነደደም ቢሆን «ደህና ነን» እንላለን።

ትናንት ግን ተራዋ ሲደርስ መነጽሯን አውልቃ «አራት» አለች። ጭልፋዬን እንደያዝኩ ቀረሁ። ከኮምፒውተሩ ውስጥ አንድ ልጅ «እኔ ሦስት» አለ። ሌላዋ ቀጠለች፦ «እፎይ! እኔ ብቻ መስሎኝ ነበር።»

«ዘጠኝ» ስትል ግማሽ ሳህን ሾርባ ትታ የምትሄድ ልጅ፣ «አራት» ባለች ቀን ሁለት ሳህን ጨረሰች።