ሲስተር ዘነበች ላሊሾ እና የሃላሌው ሐሙስ

በተንቀሳቃሽ ክሊኒካችን የወላይታን እናቶችና ሕፃናት ለረጅም ዓመታት ያገለገሉት ሲስተር ዘነበች ላሊሾ፣ ባደረባቸው ሕመም በሶዶ ሲታከሙ ቆይተው ከዚህ ዓለም ተለይተዋል። ቀብራቸውም ሐሙስ ዕለት ብዙ ሕዝብ በተገኘበት ተፈጽሟል። ከዚያ ሁሉ ሕዝብ መካከል ግን ሁለታችን አልነበርንም፤ ሾፌራቸው እኔና አብራን የምትሠራው ነርስ ሕይወት። ከቀብር መቅረት ምን ማለት እንደሆነ ለወላይታ ሰው አይነገርም። «ከልጃቸው ይልቅ አብሯቸው የሚውለው እሱ ነበር፤ እንዴት ይቀራል?» መባሉን ሰምቻለሁ። አልቀየምም፤ እኔም ብሆን እንደዚያው እል ነበር። ይህን የምጽፈው እርሳቸውን ለምታውቁ ሁሉ ነው፤ አንብባችሁ ፍረዱ።

መኪናችን አሮጌ ሚኒባስ ናት። ወንበሮቿ ተነቅለው አልጋ፣ መደርደሪያና ትንሽ የክትባት ፍሪጅ ገብቶላታል። ሞተሩን የሚያስነሳው ባትሪ ሌላ ነው፤ ፍሪጁን የሚይዘው ደግሞ ከመደርደሪያው ሥር የተቀመጠ ትልቅ ባትሪ ነው። ሐሙስ ከሶዶ ርቃ በምትገኘው ሃላሌ ሠርተን እናድራለን፣ ዓርብ በየመንደሩ እየቆምን እንመለሳለን። ባትሪው ከደከመ ክትባቱ ይሞቃል፤ የሞቀ ክትባት ደግሞ መወጋቱ ልጅን ከማስለቀስ በቀር ጥቅም የለውም።

ባትሪው ገና አዲስ ሳለ አስቸገረን። ሙሉውን ሞልተነው ወጥተን፣ ሃላሌ ስንደርስ ፍሪጁ ጠፍቶ አገኘነው። ሲስተር ቴርሞሜትሩን አይተው ክትባቱን በሙሉ ለብቻ አስቀመጡና ወርደው እናቶቹ ፊት ቆሙ። ልጅ አዝለው ዳገት ቁልቁለቱን የጨረሱ እናቶች ናቸው። ሌላ ሰው ቢሆን መኪና ተበላሸ ብሎ ይሸኛቸው ነበር። እርሳቸው የሆነውን ሁሉ ሳይደብቁ በወላይትኛ አስረዷቸውና በሚቀጥለው ሐሙስ እዚሁ እንደሚገኙ ቃል ገቡላቸው። ስንመለስ ባትሪው ሳይቀየር እንዴት ቀን ይቆርጣሉ ብዬ ተነጫነጭኩ።

«ቀን ካልቆረጥኩ ባትሪውን ማን ያስቀይረኛል?» አሉኝ።

ባትሪውን የገዛነው ሶዶ ውስጥ ከአቶ ክንፈ ሱቅ ነው። ጋራንቲው ገና አላለቀም። ይዘን ስንሄድ አቶ ክንፈ በአክብሮት ተቀብለውን ባትሪውን ገለባበጡትና የፋብሪካ ቁጥሩ የት እንዳለ ጠየቁ። ቁጥሩ የለም። አብሮን የመጣው የንብረት ክፍል ኃላፊያችን ደግፌ፣ ባትሪው በገባ ማግስት የመሥሪያ ቤቱን መለያ ቁጥር በቀይ ቀለም ጽፎበታል፤ ከባትሪው ገላ ሁሉ መርጦ የጻፈው ደግሞ የፋብሪካው ቁጥር ላይ ነው። ደግፌ ወንበርም ይሁን መጥረጊያ ሳይጽፍበት አያሳልፍም። ቁጥር የሌለው ንብረት የማንም ነው ይላል።

አቶ ክንፈ ባትሪው የእርሳቸው መሆኑን በምን እንደሚያውቁ ጠየቁ። እውነት ለመናገር ጥያቄያቸው ተገቢ ነበር። ደግፌ አፍሮ ቀለሙን በቢላዋ ልፋቅ ሲል ሲስተር እጁን ያዙት፤ ቁጥሩ ከተጫረ ነካክታችሁታል እንባላለን አሉት። ከመኪናው ጥጥ፣ ከጎን ካለው ቀለም ቤት ትንሽ ቲነር አስመጡና ሱቁ በረንዳ ላይ ቁጭ አሉ። ከዚያ በኋላ ያየሁት የቁስል አጠባ ነው። ጥጡን ነከር፣ ጠረግ፣ ጣል፤ ሌላ ጥጥ። አላፊ አግዳሚው ቆሞ ያያል። እኔ ብሆን ባትሪውን እዚያው ወርውሬ ቤቴ ገብቼ ነበር፤ ይህንንም ነገርኳቸው። ቀና ሳይሉ፣ «አንተ መኪናህን ጠብቅ» አሉኝ። ወደ ማታ ላይ በፕላስቲኩ ላይ የተቀረጸው ቁጥር አንድ በአንድ ወጣ፤ ከጋራንቲው ወረቀት ጋርም ገጠመ። አቶ ክንፈ ባትሪውን ሞልተው በአምፖል ሲፈትኑት ብዙም ሳይቆይ ሞተ። ብልሽቱ የፋብሪካው መሆኑን ራሳቸው አመኑ።

ነገሩ ያለቀ መስሎኝ ነበር። አቶ ክንፈ ግን ባትሪው አዲስ አበባ ለአስመጪው ተልኮ ምትኩ እስኪመጣ ጊዜ እንደሚወስድ ተናገሩ። እስከዚያ ክትባቱን በበረዶ ሳጥን ለምን አትይዙም አሉን። ሲስተር ሳጥኑ ለሁለት ቀን መንገድ እንደማይበቃ አስረዷቸው።

«ይታገሡ እንጂ ሲስተር፤ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» አሉ አቶ ክንፈ።

«መሄዱንስ ይሄዳል፤ ለሐሙስ ግን ሃላሌ አይደርስም» አሉ ሲስተር። ቀጥለውም በተረጋጋ ድምፅ፣ «እንግዲያው አቶ ክንፈ፣ ሐሙስ አብረውን ይምጡ። መቀመጫ አለን። ባትሪው አዲስ አበባ ነው፣ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ተመለሱ ብለው እርስዎ ይንገሯቸው። እኔ ሁለተኛ አልነግራቸውም» አሏቸው።

አቶ ክንፈ ሊስቁ ጀምረው የሲስተርን ፊት ሲያዩ ተዉት። ሲስተር ዘነበች ቀልድ የሚያውቁ ሴት ነበሩ፤ ያን ጊዜ ግን አልቀለዱም። ሰውየው ከመደርደሪያቸው አዲስ ባትሪ አውርደው፣ ከአስመጪው ጋር እኔ እነጋገራለሁ ብለው ራሳቸው ተሸክመው መኪናው ውስጥ አስገቡልን። ሐሙስ ሃላሌ ተገኘን።

ሲስተር እንዲህ ነበሩ። ሲቆጡ ሾፌርም ዶክተርም አይለዩም፤ ሲያዝኑም እንደዚያው። ባለቤቴ ስትታረስ ገንፎ ይዘው የመጡት ጎረቤቶቻችን ሳይሰሙ ነው። እናቶቹ «ኣዬ» ይሏቸው ነበር፤ እናት ማለት ነው።

ሕመሙ ከበረታባቸው በኋላ ልጃቸው ምሕረት አጠገባቸው ነበረች። «ቀብሬ ሐሙስ ላይ ከዋለ መኪናው እንዳይቀር» ማለታቸውን የነገረችን እርሷ ናት። ዋለም። እኔ ቀብር እሄዳለሁ አልኩ፤ ሕይወትም አለቀሰች። ምሕረት የለቅሶ ነጠላዋን እንደለበሰች ደጅ ድረስ ወጥታ፣ «እናቴን የምቀብር እኔ አለሁ። እናንተ ሂዱላት» አለችን። ሄድን።

ሃላሌ ስንደርስ የመጀመሪያው ጥያቄ ኣዬ የት አሉ የሚል ነበር። የመጨረሻው ልጅ ክትባቱን ሳይወስድ ላለመናገር መንገድ ላይ ተስማምተን ስለነበር ዛሬ አልተመቻቸውም አልን። ሲያልቅ ሕይወት ነገረቻቸው። አንዲትም እናት ወደ ቤቷ አልሄደችም። ልጆቻቸውን እንዳዘሉ መንገዱ ላይ ተቀምጠው አለቀሱ፤ እኔም አብሬያቸው ተቀምጬ አለቀስኩ። ለቅሶ ደርሷል ወይ ለምትሉኝ፣ የደረስኩት እዚያ ነው።

ሲስተር፣ አፈር ሲለብሱ አጠገብዎ አልቆምኩም፤ ይህ እስክሞት ያንገበግበኛል። ግን ልክ በዚያ ሰዓት ሕይወት መርፌ እያዘጋጀች፣ እኔ ካርድ እየተቀበልኩ ነበር። ተሰልፈው የመጡትን በሙሉ አዳረስን። ልጇን ሳታስከትብ የተመለሰች እናት የለችም። ይረፉ፣ ኣዬ።