ከብርጭቆው ያልወረደ ደም

ቡራዩ፣ አንድ ክሊኒክ ውስጥ ሥራ የጀመርኩ ቀን የላቦራቶሪው ኃላፊ ተስፋዬ አንድ ባልዲ የብርጭቆ ቱቦ አስረከበኝ። «አዴ ብርቄ፣ የረጋውን ደም ይድፉ፣ በበረኪና ዘፍዝፈው በብሩሽ ይጠቡ። ሌላው የእኛ ሥራ ነው» አለ። ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ላይ ቆሟል። ቱቦ ማጠብ ግን ክፍል አይጠይቅም።

ዓመት ሳይሞላኝ የደምን ጠባይ ለየሁ። የረጋ ደም ጥቂት ሰዓት ሲቆይ ይሰበሰብና ከብርጭቆው ይላቀቃል፤ ስገለብጠው ዱብ ይላል።

በማስተር ፕላኑ ተቃውሞ ሰሞን፣ የአዲስ አበባው መንገድ በድንጋይ ተዘግቶ ሳለ፣ ባለሱቁ ከድር ልጁን ሐያትን ጥርስ ሊያስነቅላት አመጣት። ክንዷ ብልዝ በብልዝ ነው። ወረፋ የያዘው ሰው ሁሉ እየሰማ ጮህኩበት።

«አንተ፣ ልጅቱን ምን አድርገሃት ነው?»

«ወላሂ እማማ፣ እጄን አንስቼባት አላውቅም! ወንበር ሲነካትም ይበልዛል።»

አላመንኩትም።

ጠዋት ደም ሰጠች። ተስፋዬ ደም የሚያረጋውን ፕላትሌት ቆጥሮ «ቁጥሩ ሙሉ ነው፣ ይነቀል» ብሎ ጻፈ። ከሰዓት ቱቦዎቹን ስገለብጥ የሌላው ሁሉ ወረደ፤ የሐያት ተለጥፎ ቀረ። ቱቦውን እንደያዝኩ ሮጥኩ።

«ጥርሷን እንዳትነኩ!»

«ለማጠቢያ ክፍሉ ዶክተር ተሾመለት እንዴ?» ሳቀ ተስፋዬ። «ቁጥሩ ልክ ነው እኮ አዴ።»

«ቁጥሩን ማን ጠየቀህ? ይሄ ለምን አልተላቀቀም? መንገዱ ዝግ ነው፤ ደሟ አልቆም ቢል ሆስፒታል በምን ታደርሳታለህ?»

ቱቦውን ገለበጠ፣ መታ መታ አደረገው። አልወረደም። ሳቁም አብሮ ቀረ። ሐያትን ስጠይቃት የወር አበባዋ ሁለት ሳምንት እንደሚፈስ፣ የእህቷም እንዲሁ እንደሆነ ነገረችኝ።

ጥርሱ ለጊዜው ሳይነካ ማስታገሻና የቁስል መድኃኒት ተሰጣት። መንገዱ ሲከፈት፣ ትልቅ ሆስፒታል ውስጥ፣ የለጋሽ ፕላትሌት ተዘጋጅቶላት ተነቀለ። ደሙ ቆመ።

ከሆስፒታሉ የመጣውን ደብዳቤ ተስፋዬ እንዲህ አስረዳኝ። ፕላትሌት ላዩ ላይ እጅ የመሰለ ነገር አለው፤ ደም የሚረጋው በእሱ ተያይዞ ነው። የእጁ አሠራር ከእናትና ከአባት ይወረሳል። ሐያት ከሁለቱም ጎደሎውን ወርሳለች፤ ፕላትሌቷ ሞልቶ መያዣ የለውም። ሌላ ሰው ደግሞ አጥብቆ የሚይዝ እጅ ይወርስና ደሙ ያለ ቦታው ሊረጋበት ይችላል።

በማግስቱ ከድር ሱቅ ሄድኩ። ገበያተኛው እስኪበዛ ጠበቅኩ።

«በሰው ፊት ወንጅዬሃለሁ፤ በሰው ፊት ይቅር በለኝ።»

«ትቼዋለሁ እማማ። ሳሙና ሳይገዙ ግን አይወጡም!»

ገዛሁ።

አዲስ ቱቦ አጣቢ ሲመጣ የምለው ይህን ብቻ ነው፦ ገልብጠሽ እዪ። ያልወረደ ካለ ስሙን አንብቢና ለኃላፊው ንገሪ፤ ቢስቅም።