ከእርሳሱ መስመር በታች

ጧት ጧት ከሁሉ በፊት የማየው ያን መስመር ነበር። በገንዳው ውስጠኛ ግድግዳ ላይ በእርሳስ ያሰመርሁት ነው። እርሳሱ የባለቤቴ ነበር፤ ነፍሱን ይማረውና ፊደል ያስቆጠረኝ እሱ ነው እንጂ እኔ የትምህርት ቤት ደጅ ረግጬ አላውቅም። አመሻሽ ላይ ስንሞላው ውሃው መስመሩን ነክቶ ይቆማል። ሲነጋ ስንዝር ያህል ወርዶ አገኘዋለሁ። በየት በኩል እንደሄደ አይታይም።

ገንዳው ልጄ ከተከራየችው ቤት ጓሮ፣ ከቆርቆሮ ጥላ ሥር የተተከለ ነው። ሹም አቦ የሚባል ሰፈር ነን፤ ከጣና የሚመጣው ነፋስ ቆርቆሮውን ሲያንኳኳው ይውላል። ከእኛ በፊት የነበሩት ሰዎች ከውጭ አገር ያስመጡት ነው አሉ። ስድስት ሰው ያስቀምጣል፤ ሞተር አለው፣ ውሃውን ያሞቀዋል፣ በጎንና በጎኑ ባሉት አፎች እየተፋ ወገብና ጉልበት ይደበድባል። ልጄ በፈረንጅ ስሙ ትጠራዋለች። እኔ ገንዳ እለዋለሁ። ስንገባ ዶሮ ታቅፋበት አገኘናት።

ለእህቴ ባይሆን ዶሮዋን ባልቀሰቀስናት። እህቴ ታላቄ ናት። ከማክሰኝት ያመጣናት እግሯ አልታጠፍ ብሎ፣ ሌሊቱን ስትቃትት እያደረች ነው። ገንዳውን አሳጥበን፣ ውሃ ሞልተን መጀመሪያ ያስገባናት ቀን እዚያው ተቀምጣ እንቅልፍ ወሰዳት። አገጯን ይዤ ጠበቅኋት። ከወጣች በኋላ ነጠላዋ ከእጇ ወደቀ፤ ጎንበስ ብላ ራሷ አነሣችው። እሷ ልብ አላለችውም። እኔ ግን ጎንበስ ስትል ካየኋት ሦስት ዓመት አልፎኝ ነበር።

ድሮ ቢሆን ዋንዛዬ ፍል ውሃ እንወርድ ነበር። የመጨረሻ ልጄን የወለድሁ ጊዜ ጉልበቴ አብጦ መራመድ ሲያቅተኝ ያን ሁሉ መንገድ አዝላ የወሰደችኝ እሷ ናት። እየወሰደችኝም «ከበሬ ትከብጃለሽ» እያለች ትሰድበኝ ነበር። አሁን መንገዱም እንደ ድሮው አይደለም፤ እኛም እንደ ድሮው አይደለንም።

ልጄ ኮሌጅ ውስጥ ቢሮ ነው የምትሠራ። ውሃ ወደ ሰፈራችን የሚመጣው በፈረቃ፣ ረቡዕና ቅዳሜ ነው። አንድ ቀን ከሥራ ገብታ መስመሩንና ውሃውን አየች፤ ከዚያ በረንዳው ላይ ቁጭ ብላ ጫማዋን እያወለቀች፣

«እማዬ፣ ይኼ ነገር የሚጠጣውን አምስት ቤተሰብ አይጠጣውም። ልብስ ሳናጥብ ሳምንቱ አለፈ። እስከ ቅዳሜ ካልተሠራ አፈር ሞልቼ ጎመን እተክልበታለሁ» አለች።

«ጎመኑን ማን ሊበላው?» አለች እህቴ ከተኛችበት ክፍል።

«አንቺ ነሻ፣ አክስቴ።»

«ጥርስ የለኝም።»

«አድቅቄ እቀቅልልሻለሁ።»

ሦስታችንም ሳቅን። ሻይ ልሰጣት ስገባ ግን እህቴ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ነበር። ሻዩን «አስቀምጪው» አለችኝ እንጂ አልተቀበለችኝም።

ልጄ ክፉ አይደለችም። ደክሟታል። በዚያ ቤት ያልደከማት ዶሮዋ ብቻ ነበረች።

የጋን ነገር አውቃለሁ። የተሰነጠቀ ጋን እስከ ስንጥቁ ድረስ ይወርድና ይቆማል። ስለዚህ ሁለት ቀን ውሃ ሳልጨምር ጠበቅሁ። ውሃው ወርዶ ወርዶ ከነዚያ አፎች ከንፈር ላይ ሲደርስ ቆመ። በዚያ ረድፍ ያሉት አፎች ስምንት ናቸው። ረቡዕ ውሃ መጥቶ ስንሞላው አመድ በጣቴ ቆንጥሬ በእያንዳንዱ አፍ ፊት በተንሁ። በሰባቱ ፊት አመዱ ባለበት ተንሳፈፈ። በስምንተኛው ፊት ግን ቀስ ብሎ፣ እንደ ጉንዳን ሰልፍ፣ ወደ ውስጥ ገባ።

ከባለቤቴ የቀረ የጧፍ ሰም ነበረኝ። በእጄ አለስልሼ ከጥጥ ጋር ለወስሁና ያን አፍ ጥርቅም አድርጌ ደፈንሁት። እናቴ ጋን ስትደፍን እንዲሁ ነበር የምታደርግ። ሐሙስ ጧት ስነሣ ውሃው መስመሩ ላይ ነው! ልጄን ጎትቼ አሳየኋት። እሷም «እማዬ፣ አንቺ እኮ መሐንዲስ ነሽ» ብላ ግንባሬን ስማኝ ሄደች።

ከቀትር በኋላ ሞተሩን አስነሥቼ ውሃውን አሞቅሁና እህቴን አስገባኋት። ብዙም ሳትቆይ ጠራችኝ።

«ምንድን ነው እሱ ላዩ ላይ የሚንሳፈፈው?»

አየሁ። ቢጫ ቢጫ ነገር እንደ ወጥ ቅባት ውሃውን ሞልቶታል። ሰም መሆኑን ያን ጊዜ አስታወስሁ። ሰም ለቀዝቃዛ ጋን እንጂ ለሚፈላ ውሃ እንደማይሆን ሕፃን ልጅ ያውቃል። እጇ ላይ፣ አንገቷ ላይ ተለጥፎ ደርቋል፤ ጥጡ ጢም ሆኗታል።

«ጧፍ አደረግሽኝ እኮ! በይ አብሪኝና ቤተ ክርስቲያን ውሰጂኝ» አለችኝ።

እሷ ሳቀች፤ እኔ እንባዬ መጣ። ሰሙን በጥፍሬ እየፋቅሁ ሳነሣላት ጀርባዬ ተቆረጠ። ውሃውም ወደ መውረዱ ተመለሰ። ቅዳሜ ከነገ ወዲያ ነው።

ዓርብ በማለዳ ቧንቧ ሠራተኛ አስመጣሁ። ጠጉሩ የሸበተ፣ ዕድሜውን ሙሉ በፋብሪካ የብረት ቧንቧ ላይ የፈጀ ሰው ነው። ሲንበረከክ ጉልበቱ ከእኔ ይበልጥ ይጮኻል። ጓሮውን ዞር ዞር ብሎ አየና «ይህን ቤት አውቀዋለሁ፤ ድሮ አንድ ጊዜ ለሥራ ገብቼበታለሁ» አለ። የሰሙን ነገር ስነግረው ራሱን ያዘ።

«እማማ፣ ይህ ገንዳ ነው ወይስ ማኅሌት?»

«እሺ፣ ሳቅብኝ። ብቻ ሥራልኝ።»

የገንዳውን የጎን ሳንቃ ፈትቶ አነሣው። ከኋላው ያለው ነገር የበሬ አንጀት ነው የሚመስል፤ ቧንቧው ተጠማዞ ተጠማዞ፣ ሁሉም ርሷል፣ ሁሉም ያንጠባጥባል። የትኛው እንዳለቀሰና የትኛው እንደተፈናጠቀበት አይለይም። ሰውየውም ላቡን እየጠረገ «ቀለም ያለው ነገር ቢኖር በዚያ አፍ አስገብተን የሚወጣበትን እናይ ነበር» አለ።

ለእህቴ እግር የቀቀልሁት እንሶስላ ምድጃው አጠገብ ነበር። ቀይ ጭማቂውን በሲኒ አመጣሁለት። አሽትቶት «የሙሽራ ነገር!» አለ። እኔ ከላይ ሆኜ በማንኪያ ቀስ እያልሁ ወደዚያ አፍ ስጨምር፣ እሱ ከታች በደረቱ ተኝቶ ይጠብቃል። ቀዩ እንደ ክር እየቀጠነ ወደ ውስጥ ገባ።

«መጣ! መጣ እማማ! ጎሚቶው ላይ ነው!»

ጎሚቶ የሚሉት እንደ ክርን የታጠፈውን መጋጠሚያ ነው። ጎንበስ ብዬ አየሁት። ጎኑ ላይ ከጠጉር የቀጠነ ስንጥቅ አለ፤ ከዚያ ቀይ ጠብታ ይወርዳል። በሚጠብቅበት ጥርሱ ላይ ቃጫ ተጠምጥሞበታል።

«አይ ሰው!» አለ ሰውየው። «ይህን የሠራው ጉልበት እንጂ ጆሮ የለውም። ቃጫ የብረት ነው። ፕላስቲክ ላይ ቃጫ ጠምጥመህ በመፍቻ ስታጠብቀው ይጮኻል፤ ካልሰማኸው ይሰነጠቃል። አህያ!»

እየተራገመ ጭቃውን በጨርቅ ጠረገው። ከቃጫው ሥር አረንጓዴ ቀለም ብቅ አለ። እርግማኑን ትቶ ቀለሙን በጥፍሩ ጫር ጫር አደረገው። እኔ ሌላ ስንጥቅ ያገኘ መሰለኝ።

«ምን ሆንህ?»

«ቃጫውን በአረንጓዴ ቀለም የማስረው እኔ ነኝ፣ እማማ። በዚህ ከተማ ሌላ ሰው እንዲህ አያስርም። እጄ ነው።»

የሸበተ ሰው እንዲያ ሲያፍር ማየት ደስ አይልም።

«የብረት ሰው ነበርህ፤ የብረት ብልሃት አመጣህ» አልሁት። «እኔስ የጋን ብልሃት አምጥቼ እህቴን ጧፍ አላደረግኋትም?»

አንገቱን እንደደፋ ውሃውን ከአፎቹ በታች አጉድሎ ጎሚቶውን በመጋዝ ቆርጦ አወጣውና ሰጠኝ። ቀሪውን ቧንቧ እሱ ሲያጸዳ፣ መሳዩን እኔ ፈልጌ ላመጣ ተስማማን። ልጄ ሁልጊዜ «እግርሽ አያርፍም» ትለኛለች፤ ያን ቀን ግን እግሬ ማረፍ ፈልጎ ነበር። ጎሚቶውን በነጠላዬ ጫፍ ቋጥሬ ሱቅ ለሱቅ ዞርሁ። አንዱ ጋ ይጠብባል፣ አንዱ ጋ ይሰፋል። አንዱ ባለሱቅ ገልብጦ አይቶት «እማማ፣ ይህ እኮ በዕድሜ ከእኔ ይበልጣል» አለኝ። ፋሲሎ ሰፈር ስደርስ ፀሐዩ አናቴን በስቶኝ ነበር። አንድ ባለሱቅ በርጩማ ሰጥታ አስቀመጠችኝና ከመደርደሪያው ሥር አቧራ የለበሰ ካርቶን ጎትታ አወጣች። እዚያ ውስጥ አንድ ተገኘ። አንድ ብቻ።

ሰውየው በዚህኛው ቃጫም ቀለምም አላስነካም። ጫፍና ጫፉን በአሸዋ ወረቀት አሽቶ ሙጫ ቀባው፤ በእጁ ብቻ አዙሮ ገጠመው፤ ከዚያ እስኪይዝለት ድረስ ታቅፎት ተቀመጠ። ሲነሣ «እስከ ነገ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ እንዳይነካው። አደራ» ብሎኝ ሄደ።

ቅዳሜ ውሃው በማለዳ መጣ። የሚሄደው ስድስት ሰዓት ላይ ነው። ልጄ የውሃ ጎማውን ይዛ ገንዳው አፍ ላይ ቆማለች።

«አሁን ካልሞላነው እስከ ረቡዕ የለም፣ እማዬ።»

«አሁን ከሞላነው እስከ ዘላለም የለም።»

አየችኝ። ፀሐይ ያጠቆረውን ግንባሬን ነው መሰለኝ ያየችው። ከዚያ ጎማውን ጣለችና ጎረቤት ሄዳ ሁለት በርሜል እያንከባለለች አመጣች። በርሜሉን፣ ጀሪካኑን፣ ሳፋውን፣ የሊጥ ቡሃቃውን ሳይቀር ሞላን። ከአፎቹ በታች ያለው ውሃ በገንዳው እንዳለ ስለ ነበር የጎደለው የላይኛው ብቻ ነው። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን በባልዲ እየቀዳን መገልበጥ ጀመርን። እኔ ሦስት ባልዲ ገልብጬ ተቀመጥሁ። የቀረውን ልጄ ብቻዋን ጨረሰችው። ቀሚሷ ከደረቷ እስከ እግሯ ርሷል። ውሃው መስመሩን ሲነካ ባልዲውን ደፍታ ላዩ ላይ ተቀመጠችበት።

ሞተሩ ተነሣ፤ ውሃው ሞቀ። እህቴን በግራና በቀኝ ደግፈን አስገባናት። እሷ ስትቀመጥ ውሃው ሽቅብ ወጥቶ መስመሩን ሸፈነብኝ።

«መስመሬን ዋጥሽው» አልኋት።

«ወፍሬ ነዋ! ከእንግዲህ ማን አባቱ ነው ጎመን የሚቀቅልልኝ!»

ልጄ ሳቋ አመለጣት። ሰውየው የአጥሩን በር ገፋ አድርጎ ገባ። ማንም አልጠራውም ነበር። ሰላምታ ሰጥቶን በቀጥታ ሄዶ ከሳንቃው ሥር ተንበረከከ፤ እጁን አስገብቶ ጎሚቶውን ዳሰሰው። እጁን አውጥቶ መዳፉን አሳየኝ። ደረቅ ነው።

እህቴ ዓይኗን ጨፍናለች። ጉልበቷ ከውሃው በላይ ብቅ ይላል፣ ይጠልቃል፤ ይታጠፋል፣ ይዘረጋል። ልጄ እያየችው ነበር፤ ከዚህ በፊት እንዲህ አይታው አታውቅም፣ ሁልጊዜ ሥራ ላይ ናት። «የጎመኑን ነገር ረሺው፣ አክስቴ» አለች ቀስ ብላ። እህቴን ግን እንቅልፍ ወስዷታል። አገጯን የያዘችው በዚያ ቀን ልጄ ናት።

ስናወጣት ውሃው ዝቅ ብሎ መስመሩ ላይ ቆመ። መነጽሬን አድርጌ ብዙ ቆየሁበት፤ አልወረደም። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ግን ደክሞኝ ስለ ነበር ደስታውን ለነገ አሳደርሁት።