ያላነበቡትን የማይመክሩት ልብስ ሰፊ

ፍኖተ ሰላም ገበያው ዳር አንድ ልብስ ሰፊ ነበሩ፤ ከስፌት መኪናቸው ጎን ባለች መደርደሪያ መጽሐፍ የሚያከራዩ። ዓይነቱ ብዙ ነው፤ እሳቸው የሚወዱት ግን ስለ ሌላ ዓለምና ገና ስላልመጣ ዘመን የተጻፈውን ነበር። መንግሥት ከተለወጠ ወዲህ መጽሐፍ እንደ ልብ ይታተማል ይባል እንጂ እንዲህ ያለው በአማርኛ ብርቅ ነው። አንድ ሲገኝ በአውቶቡስ ሹፌር እጅ ይመጣና ተራ እየተያዘለት እስከ ቡሬ ይዞራል።

ደንባቸው አንድ ነበር፤ ራሳቸው ያላነበቡትን ለማንም አይሰጡም። ያልቀመስኩትን ወጥ ለእንግዳ አላቀርብም ይላሉ። ሰው ሲመጣ ደግሞ ምን ዓይነት መጽሐፍ እንደሚወድ አይጠይቁም፤ ሰሞኑን ምን እንደከበደው ነው የሚጠይቁት። አንድ የበርበሬ ነጋዴ ዝናቡ በርበሬዬን አበሰበሰብኝ ብሎ ቢያማርራቸው፣ ዝናብ ጨርሶ ስለማይዘንብባት ዓለም የሚተርክ ሰጥተው ሰደዱት። ሰውየው በሳምንቱ ሌላ ፍለጋ ተመለሰ። የመለሰው መጽሐፍ የበርበሬ ብናኝ ገብቶበት እስከ ከርሞ ያስነጥሰን ነበር።

እኔ መጀመሪያ የሄድኩት ተማሪ ሳለሁ ነው፤ እናቴ በሞተች በዓመቱ። ስለ ሙታን ከተማ የሚያወራ መጽሐፍ ሲያወጡልኝ ተቆጣሁ፤ ተረት የምሰማበት ዕድሜ አልፎኛል አልኳቸው።

«ተረት አይደለም» አሉኝ። «ገና ያልሆነ ነገር ነው። አንብቢውና ከጠላሽው ስደቢኝ።»

ከእናቴ ቀብር ወዲህ ከልቤ ያለቀስኩት ያን መጽሐፍ ሳነብ ነው። ከዚያ በኋላ ያለ እሳቸው ምክር መጽሐፍ አልገልጥም አልኩ፤ አስተማሪ ሆኜ ቡሬ ስመደብም ቅዳሜ ቅዳሜ ተሳፍሬ እመጣለሁ።

ዓይናቸውን ያኔም ያማቸው ነበር። የዓይናቸው ቆብ ወደ ውስጥ ታጥፎ ሽፋሽፍቱ ብሌናቸውን ይቧጭረዋል። በእኛ አገር የዚህ መድኃኒቱ ወረንጦ ነው። ባለቤታቸው ፀሐይ ላይ አስቀምጠው ፀጉሩን አንድ በአንድ ይነቅሉላቸዋል፤ ለጥቂት ቀን ቀለል ይላቸዋል። ተመልሶ የሚበቅለው ግን ጠንክሮ ነው። ወረንጦ ባየሁ ቁጥር ዛሬም ደሜ ይፈላል።

የጤና ባለሙያዎች በነጻ ሊያክሙ የሚመጡት በሁዳዴ ጾም ነበር። ትንሽ ቀዶ ጥገና ናት፤ ከዚያ ዓይን ታስሮ ማረፍ። ሁዳዴ ደግሞ ልብስ ሰፊ ቀና የማይልበት ጊዜ ነው፤ አገሩ ሁሉ ለፋሲካ ያሰፋል። የሰው ልብስ ይዤ እንዴት ዓይኔን አሳስራለሁ ይሉና ለከርሞ ያስተላልፉታል። እኔም ባለቤታቸውም ለመንን፤ ወረንጦው መች ጠፋ ይሉናል። በየዓመቱ እንዲሁ። በመጨረሻ ሲሄዱ ብሌናቸው ነጭ ሆኖ ነበር። ባለሙያው ቆቡን ማቃናት እንጂ ብርሃኑን መመለስ እንደማይችል ነገራቸው።

ስፌቱን ሴት ልጃቸው ያዘችው። እሳቸው መደርደሪያዋ አጠገብ ይቀመጣሉ፤ ድሮ ያነበቧቸውን መጻሕፍት ጀርባቸውን እየዳሰሱ ይለያሉ፣ እንደ ወትሮውም ይመክራሉ። ጭንቁ አዲስ መጽሐፍ የመጣ ቀን ነው። አንድ ቅዳሜ ከባሕር ሥር ስላለ ከተማ የሚተርክ ይዤ መጣሁና አነብልዎታለሁ አልኳቸው። ደስ አላቸው። ጉሮሮዬ እስኪደርቅ አነበብኩ። መሐል ላይ እጃቸውን አነሡ።

«ይብቃሽ ልጄ። ስታነቢልኝ ያንቺ ነው የሚሆነው። እኔ ቆም የምልበትን ታልፊዋለሽ፣ የምሮጥበትን ታዘግሚዋለሽ። ይኸን አነበብኩት ብዬ ለሰው አልናገርም።»

ከልቤ ተናደድኩ፤ በራስዎ ላይ ምን እንዲህ ያስጨክንዎታል ብዬ ተከራከርኳቸው። በዚህ መካከል አንዲት ነርስ ገባች። እንቅልፍ አጥታ መክረሟን ነገረቻቸውና ጉልበቴ ላይ ያለውን አዲሱን መጽሐፍ አየችው።

«ይሄ ይሻለኝ ይሆን፣ ጋሼ?»

«አላነበብኩትም» አሏት።

ሌላ እንኳ አልመረጡላትም። ነርሷ አመስግና ወጣች፤ የስፌት መኪናውም ቆመ። ጋሼ መደርደሪያዋን በእጃቸው ከዳር እስከ ዳር ዳበሷትና ልጃቸውን ጠሯት።

«ይቺን መደርደሪያ ከሰኞ ጀምሮ የክርሽ ማስቀመጫ አድርጊያት» አሏት።