ደራሲው መቼ ነው የሞተው?

እትዬ ዝምታ የሚለውን ስም ያወጡላቸው አንባቢዎች ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ የሠሩት በአንድ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ፣ በንባብ አዳራሹ መግቢያ ካለው ጠረጴዛ ኋላ ተቀምጠው ነው። ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አድርገው አንዴ ካዩት፣ ሳል የያዘው ሰው እንኳ ሳሉን አፍኖ ደጅ ወጥቶ ይስላል ይባልላቸው ነበር። መጽሐፍ ይወዳሉ፤ መጽሐፍ ተዋሽ ግን አይወዱም። መጽሐፍ ሲወጣ ሆዳቸው ይባባል፤ ሲመለስ ደግሞ ከጉዞ እንደመጣ ልጅ ከራሱ እስከ እግሩ ይፈትሹታል።

መጻሕፍቱንም ቢሆን በእኩል ዓይን አያዩአቸውም። ታሪክ፣ ሕግና መዝገበ ቃላት ከፊት ለፊት፣ መስኮቱ አጠገብ ይቀመጣሉ። የመንፈስ፣ የጭራቅ፣ የአስማተኛና የተረገመ ቤት ታሪኮች ግን ቦታቸው ከመጸዳጃ ቤቱ በር አጠገብ፣ ወለሉ ላይ ሊያርፍ ምንም ያልቀረው መደርደሪያ ነው። እንዲህ ያለውን የሚፈልግ ሰው ጎንበስ ብሎ ይፈልግ፣ ትንሽም ይፈር ባይ ናቸው።

ጎንበስ ብለው ከሚፈልጉት አንዷ የገዛ ታናሽ እህታቸው ነበረች። ጸጉር ሠሪ ናት። ደንበኞቿን ማድረቂያው ካስክ ውስጥ አስገብታ ጸጉራቸው እስኪደርቅ ድረስ አስፈሪ ታሪክ ታነባለች፤ ሌላ ዓይነት መጽሐፍ አታውቅም። አንድ ቀን የተዋሰችውን ሳትጨርስ ቀኑ ደረሰባትና እንዲያራዝሙላት ይዛው መጣች። እትዬ ዝምታ እንደ ልማዳቸው ገለጥ ገለጥ ሲያደርጉት፣ ከመጨረሻው ምዕራፍ ትንሽ ቀደም ብሎ አንድ ገጽ ላይ በጸጉር ቀለም የታተመ የአውራ ጣት ዱካ አገኙ። ለእህታቸው አደሉ እንዳይባሉ ለሌላ ሰው ከሚያደርጉት አብልጠው አደረጉ። አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቶ ሳለ መጽሐፉንም፣ የአባልነት ካርዷንም ተቀበሏት። እህታቸው ቃል ሳትተነፍስ ወጣች። በዚያ አዳራሽ ውስጥ ሁሉም ሰው ቃል ሳይተነፍስ ስለሚወጣ ነገሩ ጠብ መሆኑን እትዬ ዝምታ የተረዱት ከወራት በኋላ ነው።

ከዚያ ወዲህ ሁለቱ የሚገናኙት ሠርግና ለቅሶ ላይ ብቻ ሆነ። ሲገናኙም በሰው በኩል ነው የሚነጋገሩት። ‹‹ወንበሩን ለዚያች ሴትዮ አሳልፊላት›› እስከመባባል ደርሰዋል።

ዓመታት አለፉና እትዬ ዝምታ ጡረታ ወጡ። ባልደረቦቻቸው አዋጥተው አንድ ኢ-ሪደር ገዙላቸው፤ መጽሐፍ ብቻ የሚነበብበት፣ ከአንድ ማስታወሻ ደብተር የማይበልጥ ጠፍጣፋ ነገር። ስጦታው ምንም ድምፅ የማያሰማ ዕቃ መሆኑን አስበውበት ይሁን ሳያስቡበት አይታወቅም። እትዬ ዝምታ ቤታቸው ገብተው ሲከፍቱት ውስጡ ባዶ ነው። አንድ ሙሉ ቤተ መጻሕፍት ይይዛል የተባለ ዕቃ አንዲት ገጽ የለውም። ጡረተኛ የሚቀበለው እንዲህ ያለ ስጦታ ነው ብለው መሳቢያ ውስጥ ከተቱት።

መሳቢያውን ያስከፈታቸው የእህታቸው እግር ነው። ጸጉር ቤቷ ውስጥ የፈሰሰ ውኃ አንሸራትቷት ወደቀችና እግሯ ተሰበረ፤ ጀሶም ታስሮላት ቤት ዋለች። ልጇ መድኃኒት ቤት የምትሠራ ወጣት ናት፤ የእናቷና የአክስቷ ኩርፊያ እሷን አይነካትም። አክስቷ ዘንድ ጎራ ብላ፣ እናቷ በሥራ መፍታት ልታብድ እንደሆነ፣ አስፈሪ ታሪክ አምጡልኝ እያለች ቤቱን እንዳመሰች፣ የታተመው ፊደል ደግሞ ለዓይኗ እንደደቀቀባት አወራች። ልጅቷ ስትወጣ እትዬ ዝምታ መሳቢያውን ከፍተው ፊደሉ እንደተፈለገ የሚተልቀውን ማንበቢያ አወጡና አማቻቸውን ጠሩ።

አማቻቸው፣ የልጃቸው ባል ማለት ነው፣ ስልክ ጠጋኝ ነው። መጽሐፍ ከሱቁ በገንዘብ እንደሚገዛ፣ የጥንቶቹ ደራሲዎች ሥራዎች ግን በነጻ እንደሚገኙ ነገራቸው። እትዬ ዝምታ የሰሙት ‹‹በነጻ›› የምትለዋን ብቻ ነው። በነጻ የሚገኝ መጽሐፍ ወይ የተሰረቀ ነው ወይ ገጽ የጎደለው ነው ብለው ተቆጡ። ደራሲው ከሞተ ረጅም ዘመን ካለፈው የቅጂ መብቱ እንደሚያበቃና መጽሐፉ የሁሉም ሰው እንደሚሆን ቢያስረዳቸው አላመኑትም። በማግስቱ የቀድሞ መሥሪያ ቤታቸው ሄደው፣ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጠው ሕጉን ከዳር እስከ ዳር አነበቡት። ሲመለሱም ለአማቻቸው ነገሩን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አስረዱት፤ እሱ ሲከራከራቸው የነበረ እንጂ የነገራቸው እንዳልሆነ አድርገው። ሰውዬው ጨዋ ስለሆነ አመሰገናቸው።

ፍለጋው ግን እንዳሰቡት አልቀለላቸውም። የመጀመሪያው ድረ ገጽ ‹‹በነጻ›› ብሎ በትልቁ ከጻፈ በኋላ የባንክ ካርድ ቁጥር ጠየቃቸው። ሁለተኛው ላይ አንዱን በነኩ ቁጥር ሌላ አምስት መስኮት ይከፈታል፤ አንዱ መስኮት ውስጥ ደግሞ አንዲት ሴት ክብደት ስለመቀነስ ትጮሃለች። ‹‹የቤት ውስጥ ሽብር›› የሚለውን አገኘሁ ብለው ደስ ቢላቸው፣ ሲከፈት ስለ በረሮ ማጥፊያ የተጻፈ መምሪያ ሆነ። በመጨረሻ በጎ ፈቃደኞች የቆዩ መጻሕፍትን እየተየቡና እያረሙ በነጻ የሚያስቀምጡበት አንድ ድረ ገጽ ላይ ደረሱ። ማስታወቂያ የለው፣ ካርድ አይጠይቅ። መጻሕፍቱም በፊደል ተራ ተደርድረዋል። እትዬ ዝምታ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉና እንደገና አዩት። ማንም ሰው፣ የትም ሆኖ፣ የፈለገውን ወስዶ አይመልስም። እሳቸው ዕድሜ ልካቸውን ሲከላከሉት የኖሩት ጥፋት በሥርዓት ተደራጅቶ አገልግሎት ይሰጣል።

አማቻቸው ለማንበቢያው የሚስማማው የፋይል ዓይነት የትኛው እንደሆነና በኬብል እንዴት እንደሚገለበጥ አሳያቸው። የቀረውን ራሳቸው ተካኑበት። አንድ የአስፈሪ ታሪክ ደራሲ ስሙ በተጠራ ቁጥር የመጀመሪያ ጥያቄያቸው ‹‹መቼ ነው የሞተው?›› ሆነ። በወጣትነቱ የተቀጨ ከሆነ ፊታቸው ይበራል። ሽበት አውጥቶ፣ የልጅ ልጅ አይቶ የሞተ ከሆነ ደግሞ ያዝናሉ። አንድ ጊዜ ልጃቸው ባለችበት አንዱን ደራሲ ‹‹ምናለ ትንሽ ቀደም ብሎ ቢሄድ›› ብለው፣ ልጅቷ ስለ ጎረቤት የሚያወሩ መስሏት ደንግጣለች።

ሳያነቡት ደግሞ ለሰው አይሰጡም፤ የሙያ ነገር ነው። ስለዚህ የናቁትን ሁሉ ተቀምጠው ማንበብ ግድ ሆነባቸው። የመጀመሪያው ከሞተ በኋላም ሥራ መግባቱን ስላልተወ ሰዓት ጠጋኝ ነበር። የሱቁ ሰዎች በፍርሃት ሲርዱ፣ እትዬ ዝምታ ግን ሰውዬው ምን አጠፋ፣ ሥራውን ይወዳል አሉ። ቀጥሎ ያነበቡት፣ በባዶ ቤት ውስጥ ከግድግዳው ወዲያ የሚተነፍስ ነገር የምትሰማ የአንዲት ብቸኛ ሴት ታሪክ ግን አጥንታቸው ድረስ ዘለቀ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ባዶ ክፍል ውስጥ ጸጥታ አልስማማ አላቸው። ሬዲዮናቸው ከጠዋት ጀምሮ ሳይዘጋ ይውላል፤ የእግር ኳስ ዘገባም ቢሆን ግድ የላቸውም።

ይህን ሁሉ አንብበው ሲጨርሱ ነው ማንበቢያውን በእህታቸው ልጅ እጅ ለእናቷ የላኩት። ከማን እንደሆነ አትንገሪያት አሏት፤ ልጅቷም ገና ከበር ሳትገባ ነገረቻት። መልሱ በሦስተኛው ቀን መጣ። ሰዓት ጠጋኙ መንፈስ በጣም ጨዋ ነው፣ አንኳኩቶ ነው የሚገባው፣ እንዲህ ያለ መንፈስ ቤት ቢያከራዩትም አያስቸግርም፣ ሌላ ይላክ የሚል። እትዬ ዝምታ ሙያቸው የተነካ መሰላቸው። የባሰ ፈልገው ጫኑ። እሱም ተመለሰ፤ ጭራቁ ገና ከመግቢያው ስለታየ ምኑ ያስፈራል ተባለ። እንደገና ጫኑ። ማንበቢያው በሁለቱ ቤቶች መካከል ሲመላለስ፣ ትችቱም አብሮት ሲመላለስ፣ መድኃኒት ሻጯ ልጅ አንድ ቀን ታከታት።

‹‹አክስቴ፣ እኔ ቀኑን ሙሉ የሐኪም ጽሕፈት ስፈታ ነው የምውለው›› አለቻቸው። ‹‹ከዚያ በኋላ ጭራቅ የማመላልስበት አቅም የለኝም። ቤቱን ታውቂዋለሽ።››

እትዬ ዝምታ ሁለት ቀን ተናደው ሰነበቱ። በሦስተኛው ቀን ሄዱ።

እህታቸው መስኮቱ ሥር፣ እግሯን ኩርሲ ላይ ሰቅላ ተቀምጣለች። ጸጉሯ ሥሩ ሁሉ ነጭ ሆኗል፤ የሌላውን የምታሳምር ሰው የራሷን የሚሠራላት አጥታለች። በሰው በኩል መነጋገር ለምደው፣ መሃላቸው ሰው ሲታጣ ሁለቱም ወሬ ጠፋባቸው። እትዬ ዝምታ የሚያውቁትን ጠየቁ፤ ያለፈውን ጨርሰሽዋል ወይ አሉ። ጨርሻለሁ አለች። ማንበቢያውን ተቀበሏትና ሳያስቡት ወደ ብርሃኑ አዙረው ይመረምሩት ጀመር።

‹‹ፈትሺው›› አለች እህታቸው። ‹‹ዛሬ እጄ ንጹሕ ነው።››

እትዬ ዝምታ ማንበቢያውን ቀስ ብለው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት።

‹‹ያን ቀን ሰው ፊት ማድረግ አልነበረብኝም›› አሉ።

‹‹ሰውስ ይሁን። ካርዱም ይቅር። የቆጨኝ ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ? መጨረሻውን ሳላውቅ ነው የነጠቅሽኝ።››

መጽሐፉ አዲስ ሙሽራ ስለገባችበት አንድ ቤት ነበር። በዚያ ቤት ያሉት መስታወቶች ሁሉ ፊታቸው ወደ ግድግዳ ዞሮ ተሰቅለዋል፤ ማን እንዳዞራቸው፣ ለምን እንዳዞራቸው የሚታወቀው መጨረሻው ምዕራፍ ላይ ነው። ጸጉር ሠሪ ሆና ቀኑን ሙሉ መስታወት ፊት ቆማ የምትውል ሴት ይህን ሳታውቅ ዓመታት ኖራለች።

እትዬ ዝምታ ቤታቸው ገብተው ባርኔጣቸውን ሳያወልቁ ፍለጋ ጀመሩ። በፊደል ተራው ውስጥ የለም። ሌላ የታመነ ነጻ ቦታም የለም። የቤተ መጻሕፍቱ ቅጂም ተቀዳዶ ከተወገደ ቆይቷል። የደራሲውን ታሪክ አነበቡ። የዘመን ጓደኞቹ አንዱ በሳንባ በሽታ፣ አንዱ በመጠጥ፣ አንዱ መርከብ ሰጥሞበት ገና በጎልማስነታቸው ሲያልፉ፣ ይህኛው ጠዋት ጠዋት በእግሩ እየተንሸራሸረ፣ አትክልት እየበላ፣ ዘጠናን ተሻግሮ የሞተው በቅርቡ ነው። መብቱ የሚያበቃው እሳቸውም እህታቸውም በሌሉበት ዘመን ነው። እትዬ ዝምታ በሕይወታቸው እንደዚህ ሰው ጤና ያናደዳቸው ነገር የለም። አማቻቸው ችግሩን ሲሰማ ከአንድ የሌባ ድረ ገጽ ወዲያው አወጣላቸው፤ ፋይሉ ስክሪኑ ላይ ተቀምጦ አንዲት ጣት ይጠብቃል። እትዬ ዝምታ አዩት፣ አዩትና ዝጋው አሉት።

በማግስቱ ለእህታቸው ሁሉንም ነገሯት። ደራሲው አለመጠን እንደኖረ፣ መጽሐፉ በነጻ እንደማይገኝ፣ ስለዚህ ከሱቅ ሊገዙላት እንደቆረጡ።

‹‹ተዪው›› አለች እህታቸው። ‹‹ይህን ሁሉ ዓመት ስጠብቅ ዝም ብዬ የኖርኩ መሰለሽ? እኔ ራሴ ጨርሼዋለሁ።››

‹‹እንዴት አድርገሽ?››

‹‹መስታወቶቹን ያዞረችው አሮጊቷ የቤቱ እመቤት ናት። መንፈስም ምንም የለም። ጸጉሯ ተንጨባርሯል፣ የሚሠራላት ሰው ደግሞ በዚያ አገር የለም። ሙሽራይቱ አንድ ቀን አስቀምጣ ስታበጥርላት መስታወቶቹ ሁሉ ተመለሱ።››

እትዬ ዝምታ አሰቡበት። አስፈሪ ታሪክ እንዲህ አያልቅም፣ አንባቢ እንዲህ ያለውን አይቀበልም አሉ። እህታቸው ደራሲው ይህን ካላሰበ ዘጠና ዓመት የኖረው በከንቱ ነው አለች። እትዬ ዝምታ መጀመሪያ አፋቸውን በመዳፋቸው ያዙ፤ ኋላ ግን አልቻሉም፣ ትከሻቸው እየተንቀጠቀጠ ሳቁ። ድምፅ ያለው ሳቅ ነበር። ከማዕድ ቤት ልጅቷ ማን መጣ ብላ ብቅ አለች።

‹‹እታለም›› አለች እህታቸው ያኔ፤ በልጅነት እንደምትጠራቸው። ‹‹ሌላ ጫኚልኝ። አሁን ዘንዶ ያለበት ይሁን።››

ጀሶው ከተፈታ በኋላ ጸጉር ቤቱ ተከፈተ። እትዬ ዝምታ ሐሙስ ሐሙስ እዚያ አይጠፉም። ሶኬቱ አጠገብ ተቀምጠው የደንበኞቹን ስልክ እየተቀበሉ መጽሐፍ ይጭኑላቸዋል፤ ነጻ ነው ቢባልም ጨረስሽው ወይ፣ የት ደረስሽ ማለታቸው አልቀረም። አንዳንዶቹ ሴቶች ምርመራውን ፈርተው ሲያዩአቸው በሌላ ቀን ይመጣሉ። እህታቸው ጸጉር እየጠቀለለች ማንበብ ስለማትችል፣ የዘንዶውን ታሪክ ጮክ ብለው የሚያነቡላት እሳቸው ናቸው። በየገጹም ይጣላሉ። ዘንዶ ይህን ሁሉ ወርቅ ታቅፎ ተኝቶ ምን ይበላል ሲሉ፣ እህታቸው አንቺ አንብቢ፣ ቀለቡን ለደራሲው ተዪለት ትላለች። ባለፈው ሐሙስ ጀግናው ዋሻው ውስጥ ሊገባ ሲል ካስክ ውስጥ ያሉት ሴትዮ ምንም አልሰማሁም አሉ። ሌሎቹ ደንበኞች ቀጥሉ፣ ቀጥሉ ቢሉም እትዬ ዝምታ ገጹን መልሰው፣ ድምፃቸውን ከማድረቂያው ጩኸት በላይ ከፍ አድርገው ምዕራፉን ከመጀመሪያው ጀመሩት።