አበባ ልትለቅም ሄዳለች

ሙነወር መጀመሪያ ስትዳር ገና የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበረች። ከራሷ በላይ ነጭ ጨርቅ ተወጥሯል፤ ሴቶቹ በጨርቁ ላይ የስኳር ድንጋይ እያፋተጉ ይስቃሉ፤ ፊት ለፊቷ በቆመው መስተዋት ውስጥ አንድ የማታውቀው ሰው ተቀምጦ ጢሙን ያሻሻል። ሼኹ «ልጄ፣ ፈቅደሻል ወይ?» ብለው ጠየቁ። እኛ ጋ፣ በጽጌረዳዋ የተራራ ከተማ በቃምሳር፣ ሙሽራ በመጀመሪያው ጥያቄ አትመልስም፤ ከመለሰችማ «ምን አስቸኮላት!» ተብላ ዕድሜ ልኳን ትታማለች። ስለዚህ ሴቶቹ ባንድ ድምፅ «ሙሽራዋ አበባ ልትለቅም ሄዳለች!» አሉ። ሼኹ ደገሙ። «ሙሽራዋ የጽጌረዳ ውሃ ልታመጣ ሄዳለች!» ሦስተኛው ላይ ነው የሙሽራዋ ተራ። ሙነወር ከንፈሯን አንቀሳቀሰች። ድምፅ ይውጣት አይውጣት ግን እስከ ዛሬ ያጣራ የለም፤ እልልታው ቀደማት።

ሌላ ሙሽራ ከአበባው ማሳ ተመልሳ ትመጣለች። ሙነወር ግን፣ እውነቴን ነው የምላችሁ፣ እዚያው ቀረች። በሕልሟ ማለቴ ነው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሊነጋጋ ሲል ያው ሕልም ይመጣባታል። ጭጋግ የለበሰ የጽጌረዳ ማሳ ውስጥ ቆማለች፤ ሽርጧ በአበባ ሞልቷል፤ እግሯ በጤዛ ርሷል፤ ከጭቃው አጥር ወዲያ አንድ ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ የሆነ ነገር ይጠይቃታል። ጥያቄውን አትሰማውም፤ መልሱን ግን ታውቀዋለች። ልትመልስ አፏን ስትከፍት ትነቃለች።

ባሏ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ነፍሱን ይማር። ብቻ ምን እንደምትፈልግ ጠይቋት አያውቅም፤ እሷም ነግራው አታውቅም። ገና በተጋቡ ሰሞን ዶሮ ሲቀርብ ክንፉን አንስቶ ሰጣት፤ «እንዴት ይጣፍጣል!» አለችው። ይሉኝታ ነዋ! የምትወደው እግሩን ነበር። ሰውየው ደግ ነውና እስኪሞት ድረስ ክንፍ ሲያጎርሳት ኖረ።

እሱ ካለፈ በኋላ ሥራውን ብቻዋን ያዘችው። በጽጌረዳው ወቅት ጎህ ሳይቀድ ትለቅማለች፣ ፀሐይ ሳትበረታ ትመለሳለች፣ አበባውን ከውሃ ጋር ትልቁ የመዳብ ጋን ውስጥ ትጨምራለች፣ ክዳኑን ዙሪያውን በጭቃ ለስና ከሥሩ እሳት ታነዳለች። እንፋሎቱ በቧንቧ ወርዶ ቦይ ውስጥ በተቀመጠው እንስራ ውስጥ ይቀዘቅዛል፤ የጽጌረዳ ውሃ የሚባለው እሱ ነው። ያን ሰሞን ግቢዋ የገባ ሰው ወሬውን ይረሳል፤ ሽታው ብቻውን ያፈዛል። ድመቷ እንኳ አይጥ ማሳደድ ትታ ቦዩ ዳር ተዘርግታ ትተኛለች።

ጋኑን የሚጠግነው መዳብ ሠሪው አጋ ሰይፈላህ ነው፤ እኛ ዘንድ «አጋ» አቶ፣ «ኻኑም» ወይዘሮ ማለት ነው። መዳፉ በመዳብና በጭስ የጠቆረ፣ ረጅም፣ ዝምተኛ ሰው፤ ሚስቱ የሞተችበት። አምና ብርዱ ሳይገባ የተጠገነውን ክዳን አምጥቶ ቦዩ ጠርዝ ላይ ተቀመጠ። ሻይ ቀረበለት። ስኳሩን በጥርሱ ይዞ ሻዩን ጨረሰና መሬት መሬቱን እያየ ተናገረ።

«ሙነወር ኻኑም፣ እርስዎም ብቻዎን ነዎት፣ እኔም ብቻዬን ነኝ። ቢፈቅዱ… ባንድ ቤት ብንኖር ምን ይመስልዎታል?»

የሙነወር ልብ ዘለለ! አፏ ግን የለመደውን አወጣ። «ኧረ አጋ ሰይፈላህ፣ እኔ ምን ቁም ነገር አለኝና! ለእርስዎ የምመጥን ሴት አይደለሁም።»

ይህ እኛ ዘንድ እምቢታ አይደለም። «እስቲ ድገመኝ» ማለት ነው፤ ሕፃን ልጅ ያውቀዋል። ሰይፈላህም ያውቀዋል። ግን ባሏ የሞተባትን ሴት መጨቅጨቅ ነውር መሆኑንም ያውቃል። በየትኛው ይሂድ? የከበደውን ነውር ፈራ። «ልክ ነዎት፤ ደፈርኩ፤ ይቅር ይበሉኝ» አለና ጫማውን አድርጎ ወጣ። ሙነወር ሁለተኛውን ጥያቄ ስትጠብቅ ክረምቱ አለቀ። በር በተንኳኳ ቁጥር ሻሿን ታስተካክላለች፤ ጎረቤት ነው። አይ ጨዋነት! ሁለት ሰው አጥር ለአጥር አስቀምጦ ማድረቅ የሚችል የኛ ጨዋነት ብቻ ነው።

የወንድሟ ልጅ ቢታ የመጣችው የጽጌረዳው ወቅት ሊገባ ሲል ነው። ቢታ ካሻን ከተማ ሆና የአክስቷን የጽጌረዳ ውሃ በስልክ ትሸጣለች።

«አክስቴ፣ ጠርሙሱ ላይ የሚለጠፍ ሥዕል እንፈልጋለን» አለቻት። «እኔ ሳልሆን አንቺ ነሽ ማሳውን የምታውቂው። እዚህ ስልክ ውስጥ ሰው ሠራሽ አስተውሎት አለልሽ፤ በጽሑፍ ያዘዝሽውን ይሥልልሻል።»

ስሙ አልያዝላት ሲል ሙነወር «የስልኩ ሰውዬ» አለችው። መነጽሯን አድርጋ፣ ቀና ብላ ተቀምጣ፣ ለትልቅ ሰው እንደሚጻፍ አድርጋ ጻፈችለት።

«ሰላም ለእርስዎ ይሁን የተከበሩ ጌታዬ። ጤናዎ እንዴት ነው? ቤተሰብ ሁሉ ደህና? ስላስቸገርኩዎት በጣም ይቅርታ። ለጽጌረዳ ውሃዬ ጠርሙስ አንዲት ትንሽ ሥዕል ቢሥሉልኝ፤ እርስዎ ደስ ያለዎትን። ካልተመቸዎትም ይቅር።»

ሥዕሉ መጣ። በረሃ፣ የወርቅ ጉልላት ያለው ቤተ መንግሥት፣ ከፊቱ አንድ ትልቅ ግመል። ቃምሳር ተራራ ላይ ግመል! ሙነወር ደነገጠች፤ ግን ሰው ደክሞበት እንዴት ይነቀፋል? «እጅዎ ይባረክ፣ እንዴት ያምራል! ምናልባት ትንሽ ብቻ ቢያስተካክሉት» ብላ ጻፈች። የስልኩ ሰውዬ በደስታ ሦስት ግመል አደረገላት።

ቢታ መሬት ላይ ተንከባለለች። «ወይኔ አክስቴ! ግመል ልታረቢ ነው?»

«ምን ላድርግ! አልገባውም እንዴ? ‘ትንሽ ቢያስተካክሉት’ ብያለሁ እኮ!»

«ስሚኝ። ይሄ ነገር ይሉኝታ የሚባል አልተፈጠረበትም። ‘ደስ ያለህን’ ካልሽው ደስ ያለውን ነው የሚሠራው። ለምን እንደፈለግሽው ንገሪው። የምትፈልጊውን በስሙ ጥሪው። የማትፈልጊውንም በይ፤ ‘ግመል አልፈልግም’ በይው! ደግሞ ያልወደድሽውን ‘ያምራል’ አትበዪው፤ ያምንሻል።»

«‘አልፈልግም’ ብዬ? ፊት ለፊት?»

«ፊት የለውማ!»

ሙነወር ግን አልሳቀችም። «ያምንሻል» የምትለዋ ቃል ሆዷ ገብታ ተቀመጠች።

ቢታ ሻይ እየቀዳች ወሬ ቀጠለች። «አጋ ሰይፈላህ እኮ ሊሄድ ነው አሉ። ልጁ ባንዳር አባስ ና ብሎታል። ጽጌረዳው ሲያልቅ ሱቁን ዘግቶ ይወርዳል። ማን ጋናችንን እንደሚጠግን እንጃ።»

ሙነወር «አላህ ያሳምርለት» አለች። ብርጭቆውን ሳትጠጣው አስቀመጠችው። ባንዳር አባስ ባሕሩ ዳር ነው፤ የሄደ ሰው ለመዳብ ጋን ብሎ አይመለስም።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ቢታ ገበያ ስትወጣ ብቻዋን ስልኩን ያዘች። ግቢው ፀጥ ብሏል፤ ቦዩ ብቻ ያንጎራጉራል። በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰላምታ ሳታስቀድም ጻፈች፤ ጆሮዋ ድረስ ቀላች። «የጽጌረዳ ማሳ እፈልጋለሁ። ጎህ ሲቀድ። ጭጋግ አለ። ዝቅ ያለ የጭቃ አጥር አለ። ግመል አልፈልግም። ጉልላት አልፈልግም። ወርቅ አልፈልግም። ለጽጌረዳ ውሃ ጠርሙስ ነው።» ቢታ እንዳስተማረቻትም በመጨረሻ «ያልገባህን ጠይቀኝ» ብላ ጨመረች።

ጠየቃት። የአጥሩ ቁመት ምን ያህል ነው? ከየት ቆመን ነው የምናየው? መለሰች። ደግሞ ጠየቃት። አጥሩ ላይ ነገር አለ? «ሁለት የሻይ ብርጭቆ» ብላ ጻፈች፤ ከየት እንዳመጣችው ራሷም አላወቀችም። ሦስተኛ ጠየቃት። ሁለት ብርጭቆ ካለ፣ ሰው አለ?

ሙነወር ስልኩን ጭኗ ላይ አስቀምጣ አለቀሰች። ወሬኛ በሉኝ፣ ስቅስቅ ብላ ነው ያለቀሰችው። በዚያ ሁሉ ዘመን «ምን ትፈልጊያለሽ?» ብሎ ሦስት ጊዜ የጠየቃት ፍጡር ይሄ የስልክ ሰውዬ ሆኖ ተገኘ! ማስመሰሉን ትታ፣ ቀስ ብላ፣ በአንድ ጣቷ መለሰች። «አለ። ከአጥሩ ወዲያ። ረጅም ሰው፣ ፀጉሩ የሸበተ። መዳፉ ጥቁር ነው፤ መዳብ ሠሪ ነው።»

ሥዕሉ ሲመጣ ስልኩን ወደ ዓይኗ አስጠጋችው። ሕልሟ ነበር። ያው ጭጋግ፣ ያው ጤዛ፣ ያው አጥር። ሁለቱ ብርጭቆዎች ይጨሳሉ። ረጅሙ ሰው ግን ጀርባውን ሰጥቶ ወደ ጭጋጉ እየሄደ ነው።

ቢታ ከገበያ ስትመለስ አክስቷ ግቢው መሃል ቆማ ስልኩ ላይ ትጮሃለች። «ለምንድነው የሚሄደው? ለምን ጀርባውን ሰጠኝ?»

ቢታ ሥዕሉን አየች። የሰውየውን ጥቁር መዳፍ አየች። የአክስቷን ያበጠ ዓይን አየች። ልጅቱ ሞኝ አይደለችም።

«ወዴት እንደሚያይ ነግረሽዋል?» አለች ዝግ ብላ።

«አልነገርኩትም።»

«ያልነገርሽውን ራሱ ነው የሚሞላው፣ አክስቴ።»

ሙነወር ሌላ አልጻፈችም። ጥቁር መጎናጸፊያዋን ለበሰች። ቢታ «የት ልትሄጂ ነው?» ብትላት «ላስተካክል» ብቻ ብላ ወጣች። በፀሐይ መንገዱን ስትወርድ እግሯ መሬት የሚነካ አይመስላትም ነበር። ልጆች ኳስ ያንከባልላሉ፤ ዳቦ ጋጋሪው ሰላም ይላታል፤ እሷ ግን በዚያ በሕልሟ ጭጋግ ውስጥ ነው የምትሄደው። የመዶሻው ድምፅ ከፊቷ ይጠራታል።

ሰይፈላህ ሲያያት ዘሎ ተነሣ። «ሙነወር ኻኑም! እግርዎ ዓይኔ ላይ ይረፍ! ይሄ የማይረባ ሱቅ ለእርስዎ አይመጥንም፣ ሻይ ላፍላ…»

«ሻይ አልፈልግም።»

ሰውየው ደርቆ ቀረ። ቃምሳር ውስጥ በዚህ አነጋገር ሻይ እምቢ ያለ ሰው አይቶ አያውቅም።

«መዶሻውን ያስቀምጡት» አለች። ድምፅዋ ይንቀጠቀጣል፤ ግን ይሰማል። «አምና የጠየቁኝ ነገር አለ፤ መልሱን አምጥቻለሁ። እንዲሄዱ አልፈልግም። ባንዳር አባስን አልፈልግም። ለጋኑ ጥገና ብዬ አይደለም፤ ለጉርብትናም አይደለም። ባሌ እንዲሆኑ ነው የምፈልገው። ጠዋት ጠዋት ከእኔ ጋር ሻይ እንዲጠጡ ነው። ያልገባዎት ነገር ካለ ይጠይቁኝ።»

ሰይፈላህ አፉን ከፈተ። «እኔ ምን ቁም ነገር…» ብሎ ጀመረና ፊቷን አይቶ ዋጠው። ከፍም የወጣው መዳብ እየቀዘቀዘ ጠቅ ጠቅ ይላል።

«አንድ ነገር አልገባኝም» አለ በመጨረሻ። «ያን ጊዜ ለምን እምቢ አሉኝ?»

«እምቢ አላልኩም! እርስዎ ነዎት አንድ ጊዜ ብቻ የጠየቁት!»

«ባሏ የሞተባትን ሴት እንዴት ሁለት ጊዜ ልጠይቅ? ነውር አይደለም እንዴ?»

«ክረምቱን በሙሉ በሩን ሳይ ከረምኩ እኮ፣ እርስዎ ሰው!»

«እኔስ? በቤትዎ ፊት እንዳላልፍ ብዬ በተራራው ዞሬ ነው ዳቦ የምገዛው!»

ተያዩ። መጀመሪያ እሱ ሳቀ፤ ከዚያ እሷ። ከሳቁ ውስጥ እንባ ወጣ፤ ሁለቱም አልደበቁትም። ሰይፈላህ በጥቁር መዳፉ ዓይኑን ጠርጎ ፊቱን ሁሉ ጥላሸት አደረገው።

«እሺ» አለ። ሌላ ቃል አልጨመረም።

ኒካሁ የታሰረው ጽጌረዳው እንዳለቀ፣ ካሻን ቢታ ቤት ነው። ጠረጴዛው ላይ የዚያ ዓመት ጠርሙሶች ተደርድረዋል፤ በላያቸው ጭጋግ ያለበት ማሳ፣ የጭቃ አጥር፣ ሁለት የሻይ ብርጭቆ። ከአጥሩ ወዲያ ያለው ሰው ፊቱን ወዲህ አዙሯል። ነጩ ጨርቅ እንደገና ከሙነወር ራስ በላይ ተወጠረ፤ ስኳሩ ተፋተገ፤ በመስተዋቱ ውስጥ ጥፍሩን አጥቦ አጥቦ ያልነጣለት ሰይፈላህ ተቀምጧል። ሙነወር አየችውና ሕልሙን አስታወሰች፤ ከዚያ የሱቁ ቀን ወዲህ መጥቶባት አያውቅም።

ሼኹ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እመቤቴ፣ ፈቅደሻል ወይ?»

ሴቶቹ እንደ ልማዳቸው ባንድ ድምፅ ጀመሩ። «ሙሽራዋ አበባ ልት…»

«የትም አልሄድኩም!» አለች ሙነወር፣ ጓዳ ድረስ በሚሰማ ድምፅ። «እዚሁ ነኝ። ፈቅጃለሁ።»